ተኩስ አቁም ሲዘገይ ማን ይከፍላል?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ብዙ ሰው ተሳትፎበታል፤ አንዳንዱ መልስ ደግሞ ተሰርዟል። አዲስ የሚገባ ሰው ግራ እንዳይጋባ የተባለውን በተራ ላስቀምጠው።

ጥያቄዬ ይህች ነበረች። ጦርነቱን ማቆም የሚቻልበት ቀን መጥቶ ትንሽ ይቆይ ሲባል፣ በተጨመሩት ቀናት ምን ተገኘ? ዋጋውንስ ማን ከፈለ? ምሳሌዬ እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የሊባኖስ ጦርነት ነው። ጁላይ 12 የሊባኖሱ ታጣቂ ድርጅት የሂዝቦላህ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ሦስት የእስራኤል ወታደሮችን ገደሉ፤ ሌሎች ሁለት ይዘው ሄዱ። እስራኤል በአየር፣ በባሕርና በምድር ዘመተች። ተኩሱ የቆመው በ34ኛው ቀን፣ ኦገስት 14 ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ጁላይ 26 ሮም ላይ ስብሰባ ነበር። የሊባኖሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፉአድ ሲንዮራ ባለ ሰባት ነጥብ ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። አብዛኛው ተሰብሳቢ ተኩሱ ዛሬውኑ ይቁም ባይ ነበር። አሜሪካና ብሪታንያ አልተስማሙም። ዘላቂ ያልሆነ ተኩስ አቁም ዋጋ የለውም አሉ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኮንዶሊዛ ራይስ ከስብሰባው አምስት ቀን ቀደም ብለው፣ የሚታየው መከራ አዲስ መካከለኛው ምሥራቅ ሲወለድ የሚመጣ ምጥ እንደሆነ ተናግረው ነበር። ከሮም ስብሰባ እስከ ኦገስት 14 ድረስ 19 ቀን አለ። ስብሰባው በተደረገ በአራተኛው ቀን ቃና በምትባል መንደር አንድ ሕንፃ በሌሊት ተመታ። እዚያ ተጠልለው ከነበሩት 28 ሰዎች ሞቱ። ከግማሽ በላዩ ሕፃናት ነበሩ። እኔ የጠየቅኩት ስለ እነዚህ 19 ቀናት ነው።

1ኛው መልስ ትሑት ነበር። ጸሐፊው ጥያቄውን አመስግኖ አንድ ነገር አከለ። የሞተውን ስንቆጥር በድንበሩ በሁለቱም በኩል እንቁጠር ይላል። ሂዝቦላህ ወደ ሰሜን እስራኤል ወደ 4,000 የሚጠጋ ሮኬት ተኩሷል። ጁላይ 16 ሃይፋ በባቡር ጥገና ጣቢያ ስምንት ሠራተኞች ሞተዋል። ናዝሬት ውስጥ ሲጫወቱ የነበሩ ሁለት ወንድማማች ሕፃናት፣ እነሱም ዐረቦች፣ በሮኬት ተገድለዋል። ትክክል ነው። መክፈቻው ላይ መጻፍ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

2ኛው ስለ ቀን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጁላይ 12 ሐምሌ 5፣ ኦገስት 14 ደግሞ ነሐሴ 8 ቀን 1998 ዓ.ም. መሆኑን አስታወሰን። ጠቃሚ ነው፣ አለፍን።

3ኛው መልስ ከሁሉም የበረታው ተቃውሞ ነው። እንቅልፍ ነስቶኛል ብል ማጋነን አይሆንም። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ጉዳዩንም ያውቃል። ተኩስ አቁምና ሰላም አንድ አይደሉም ይላል። የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1701 ከሊታኒ ወንዝ እስከ ድንበሩ ድረስ ከሊባኖስ ጦርና ከተመድ ሰላም አስከባሪ በቀር መሣሪያ የያዘ እንዳይኖር ያዛል። ሆነ ወይ? አልሆነም። ሂዝቦላህ ከበፊቱ የበለጠ ታጠቀ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ድንበሩ እንደገና ነደደ። በ2024 ሊባኖስ ከ2006ቱ የከፋ መከራ አየች። ኖቬምበር 27 ቀን 2024 የተደረገው ስምምነት ደግሞ ተመልሶ የተደገፈው በዚያው በ1701 ላይ ነው። ስለዚህ ይላል፣ ወደ ነበርንበት የሚመልስ ተኩስ አቁም አልፈልግም ያለች አሜሪካ ጭካኔ ሳይሆን አርቆ ማየት ነበራት። ሥሩ ሳይነቀል ቢቆም የሚቀጥለው ትውልድ ይከፍላል፤ ደግሞም ከፈለ።

4ኛው መልስ ለዚህ የተጻፈ ነው፤ እኔ ልጽፈው የፈለግኩትን ቀድሞ ጻፈው። ሥሩን ለመንቀል የተጨመሩት 19 ቀናት ሥሩን ነቀሉት ወይ ብሎ ይጠይቃል። 3ኛው ራሱ እንዳልተነቀለ መስክሯል። ታዲያ ለምን ተጨመሩ? ጦርነቱ የተጀመረው ሁለት ወታደሮችን ለማስመለስ ነው ተብሎ ነበር። በ34 ቀን አልተመለሱም። አስከሬናቸው የተመለሰው ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ጁላይ 2008 ላይ፣ በድርድርና በእስረኛ ልውውጥ ነው። ቀጥሎ የጻፈውን ደጋግሜ አነበብኩት። ያ ጎዶሎ ነው የተባለው ተኩስ አቁም ድንበሩን 17 ዓመት አቆይቶታል። በኦገስት 2006 የተወለደ ልጅ በሁለቱም በኩል ጥርሱን ነቅሏል፣ ፊደል ቆጥሯል፣ ጎርምሷል። 17 ዓመት ለአንድ ልጅ ሙሉ ልጅነት ነው።

3ኛው ተመልሶ መጣ፣ በ5ኛው ቁጥር። ስለ ልጁ የተባለው ልብ እንደሚነካ አምኖ፣ የ18 ዓመቱ ወጣት በ2024 የት ነበር ብሎ ጠየቀ። እውነት ለመናገር ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም። አሁንም የለኝም። ግን የ2024ቱን መከራ ለመከላከል የቃናን ሕፃናት መክፈል ነበረብን የሚል ካለ ያሳየኝ ብዬ በ6ኛው ጻፍኩ። ተከፍለዋል፤ 2024ም መጥቷል።

7ኛው በእርዳታ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ነው። ከፖለቲካው ወጥቶ ስለ መንገድና ስለ ድልድይ ጻፈ። ከቃና በኋላ እስራኤል የአየር ድብደባዋን ለ48 ሰዓት እንደምታቆም አስታውቃ ነበር። ሙሉ በሙሉ አልተከበረም። ቢሆንም በዚያች ቀዳዳ ብዙ ሰው ከደቡብ ወጣ፤ ከፍርስራሽ ሥር ቀናት ያሳለፈ አስከሬንም ተነሣ። ሽማግሌዎችና በሽተኞች በእግራቸው ወደ መንገድ ሲወጡ ያኔ ታዩ። ኋላ ደግሞ በኦገስት የመጀመሪያ ሳምንት ሊታኒ ላይ የቀረው መሻገሪያ ተመታ። የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሰዎች መኪናቸውን አቁመው ተሰለፉ። በወንዙ ላይ የተጋደመ የዛፍ ግንድ ነበር። የመድኃኒት ካርቶኑን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ በዚያ አሻገሩት። እሱ የሚለው ይህ ነው። ዘላቂ ይሁን፣ አይሁን የሚለው ክርክር ለተሰብሳቢው ነው። ወንዙ ዳር ላለው ሰው ስድስት ሰዓት ጸጥታ ማለት አንድ መኪና ኢንሱሊን ነው። 48 ሰዓት ደግሞ አንዲት መንደር ናት።

8ኛው አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ የታሪክ መምህር ነበሩ። ጥያቄው አዲስ አለመሆኑን አስረዱን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1918፣ የጀርመን መልእክተኞች ኮምፒየኝ ደን ውስጥ በባቡር ፉርጎ ሲደራደሩ፣ እስክንጨርስ ተኩሱ ይቁም ብለው ለምነው ነበር። የተባባሪዎቹ ጦር አዛዥ ማርሻል ፎሽ እምቢ አሉ። ስምምነቱ ኖቬምበር 11 ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ተፈረመ፤ የሚጸናው ግን ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ጀምሮ ነበር። በዚያች በመጨረሻዋ ቀን ብቻ ከ2,700 በላይ ወታደር ሞቷል። ሰዓቱ ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው የተገደለም አለ። ጋሼ ይህን ያነሡት ለወታደሩም ለማዘን ነው። ሲቪሉን ብቻ የምንቆጥረው ወታደሩ እናት ስለሌለው ነው ወይ ብለው ጠየቁን።

9ኛው አባታቸው የቃኘው ዘማች የነበሩ ሰው ናቸው፤ የጋሼን ነገር አነሡና ወደ ኮሪያ ወሰዱን። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በሜይ 1951 ነው። ድርድሩ የተጀመረው ጁላይ 1951። ፊርማው የተፈረመው ጁላይ 27 ቀን 1953። ሁለት ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ትልቁ ማነቆ እስረኞች በፈቃዳቸው ይመለሱ ወይስ በግድ የሚለው ነበር። የጦር ግንባሩ መስመር በዚያ ሁሉ ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላሳየም። እዚያ ከወደቁት ከ120 በላይ የኢትዮጵያ ልጆች አብዛኞቹ የሞቱት ተደራዳሪዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሳለ ነው። ጀግንነታቸውን ሲነግሩኝ አድጌያለሁ፤ ይህን ግን ማንም አልነገረኝም ይላሉ። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። እኔም አስቤው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ክሩ ትንሽ ተንሸራተተ። 10ኛውና 11ኛው ስለ ቃኘው ጀግንነት ተጨዋወቱ፤ አንድም ሰው አለመማረኩን አነሡ። 12ኛው የካትዩሻ ሮኬት ስም ከሩስያ የመጣ መሆኑን ነገረን። አወያዩ ወደ ነገሩ እንድንመለስ በትሕትና ጠየቀ።

የተመለስነው ግን በጠብ ነው። 13ኛው ጸሐፊ እንባችሁ ለአንድ ወገን ብቻ ነው ብሎ ገባ። ሂዝቦላህ ሮኬቱን በመንደር መካከል ሲያስቀምጥ ሕዝቡን ሰብአዊ ጋሻ አድርጎታል፤ ተጠያቂው እሱ ነው። እስራኤል በራሪ ወረቀት በትና ውጡ ብላለች፤ ያልወጣ ምርጫው ነው። ተኩስ አቁም የምትሉት የሚሸነፈው ወገን ትንፋሽ እንዲያገኝ ነው። ሲጨርስ እኔን ስሜታዊ ብሎኛል። 14ኛው ለእሱ የመለሰው ስድብ ነበር፤ ዘሩንና ሃይማኖቱን አንሥቶ። አወያዩ ሰረዘው። መሰረዙ ትክክል ነው። ለእኔ ወግኖ የተሳደበ ሰው አልረዳኝም።

15ኛው የሕግ ሰው ይመስለኛል፤ ረጋ ብሎ ነው የጻፈው። በሲቪል መካከል ተደብቆ መተኮስ ወንጀል ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን እ.ኤ.አ. የ1977ቱ የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንዱ ወገን ሕግ ስለጣሰ ሌላው ሲቪሉን ከመጠበቅ ግዴታው ነጻ አይወጣም ይላል። ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው መንደሩ ውስጥ ስለቀረ ወታደር አይሆንም። ውጡ የተባሉትስ በምን ይውጡ? ድልድዩ ተመትቷል፣ ቤንዚን የለም፣ መንገድ ላይ ያለ መኪና ይመታል። ማርዋሒን የምትባል መንደር ሰዎች ውጡ ተብለው ጁላይ 15 ወጡ። መንገድ ላይ ተመቱ፤ ከ20 በላይ ሰው አለቀ። ሕፃናት ይበዙ ነበር።

13ኛው ሊመልስ ሲል ይመስለኛል 16ኛው መልስ የገባው። ይህን ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ የክሩ ልብ እሱ ስለሆነ።

የጻፈችው ሴት በ2006 ቤይሩት የቤት ሠራተኛ ነበረች። ሰባት ወሯ ነበር። ቤቱ ከደቡባዊው የከተማዋ ዳርቻ ከዳሂየ ብዙ አይርቅም፤ አምስተኛ ፎቅ ነው። ድብደባው በጀመረ በሦስተኛው ቀን ማዳሟና ቤተሰቡ ልጆቹን ይዘው ወደ ተራራው ወጡ። እሷን ቤት እንድትጠብቅ ትተዋት፣ በሩን ከውጭ ቆልፈው ሄዱ። ፓስፖርቷ እነሱ ጋ ነው። ስልኩ ወደ ውጭ አይደውልም። እንደዚህ የተቆለፈባቸው እሷ ብቻ እንዳልነበረች ያወቀችው ኋላ ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከስሪላንካ፣ ከፊሊፒንስ የሄዱ ብዙዎች እንደዚሁ ሆነዋል።

ዱቄትና ሩዝ ነበራት። ውሃ በአምስተኛው ቀን ቆመ። የሕንፃው ዘበኛ ሶሪያዊ ሽማግሌ ናቸው። በረንዳው ላይ እማማዎቹ አትክልት የሚያስወጡበት በገመድ የታሰረ ቅርጫት ነበር። እሱን ቁልቁል ታወርዳለች፤ ሽማግሌው አንድ ጄሪካን ውሃና ዳቦ ያስገቡላታል። ጄሪካኑ ከባድ ስለነበር ገመዱ መዳፏን ላጠው። በፎጣ ጠቅልላ ትስብ ነበር። ሌሊት የምትተኛው መታጠቢያ ቤት ነው፤ መስኮት የሌለው እሱ ብቻ ነበር።

መብራት እስኪጠፋ ድረስ ቴሌቪዥን ታይ ነበር። የሮሙን ስብሰባ አይታዋለች። ክብ ጠረጴዛ፣ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሰዎች፣ የውሃ ጠርሙስ በየፊታቸው። ጠርሙሱን ነው ያየሁት ትላለች። እስከዚያ የምታውቀው ዐረብኛ የኩሽና ነበር። ከኩሽና ውጭ የተማረችው የመጀመሪያ ቃል ወቅፍ ኢጥላቅ አንናር ነው፤ ተኩስ ማቆም ማለት ነው። ዜና አንባቢው በተናገረው ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል። ቀጥሎ ላ የሚል ከሰማች ዛሬም አይደለም ማለት ነው። መብራት ከጠፋ በኋላ ዜናዋ ሽማግሌው ሆኑ። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥታ ታያቸዋለች። እሳቸው ቀና ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ገና ነው ማለታቸው ነው። ይህ ከአሥር ቀን በላይ ቀጠለ።

ለማንም አልፈረደችም። የጻፈችው ለ13ኛው ነው፤ ወንድሜ ብላ ነው የጠራችው። ያልወጣ ምርጫው ነው ላልከው፣ ቁልፉ እኔ ጋ አልነበረም ትላለች። እዚያ ላይ አቆመች።

17ኛው ራሱ 13ኛው ነው። ይቅርታ ጠየቀ። አቋሙን አልለወጠም፤ ሂዝቦላህ ላይ ያለው ቁጣ እንዳለ ነው። ያልወጣ ምርጫው ነው ያለውን ግን አነሣ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው በመድረክ ላይ ብዙ አላየሁም፤ አከበርኩት።

18ኛው እኔን አረመ። ለመዘግየቱ አሜሪካንና ብሪታንያን ብቻ መክሰሴ ልክ አለመሆኑን ጻፈ። ኦገስት 5 አሜሪካና ፈረንሳይ የውሳኔ ረቂቅ አቅርበው ነበር። የእስራኤል ጦር ይውጣ የሚል ስለሌለበት ሊባኖስ አልተቀበለችውም። ሲንዮራ በዐረብ ሚኒስትሮች ፊት ያለቀሱትም በዚያው ሰሞን ነው። ያኔ የሂዝቦላህ መሪ የነበሩት ሐሰን ነስረላህ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ፣ ወታደሮቹን መያዝ ይህን ሁሉ እንደሚያመጣ ባውቅ ኖሮ አላደርገውም ነበር ብለዋል። ከ1,000 በላይ ሊባኖሳውያን ሞተው፣ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ተፈናቅሎ ካለቀ በኋላ ማለት ነው። እርማቱን ተቀብያለሁ። በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ሲንዮራ ረቂቁን ሲመልሱ የራሳቸው ሕዝብ ነው ከቦምቡ ሥር ያለው። በዚያን ጊዜ በተመድ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ጆን ቦልተን ግን በ2007 ለቢቢሲ ሲናገሩ፣ አገራቸው ተኩሱ ቶሎ እንዳይቆም ሆን ብላ መሥራቷን በኩራት ነው ያወሩት። የእኛ ሰው በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚለው ለዚህ ነው።

19ኛው ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት ጻፈ። ይህን እኔ ከ19ኙ ቀናት ለይቼ ማንሣት ነበረብኝ። የጸጥታው ምክር ቤት 1701ን በሙሉ ድምፅ ያጸደቀው ኦገስት 11 ነው። ተኩሱ የቆመው ኦገስት 14። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው ማለት ነው የምድር ዘመቻው የሰፋው። በመጨረሻው 60 ሰዓት ብቻ ከ30 በላይ የእስራኤል ወታደሮች ሞቱ። ጦርነቱን የመረመረው የእስራኤል ኮሚሽን ያ ዘመቻ የታሰበለትን እንዳላሳካ ጽፏል። ከዚያ ክላስተር ቦምቡ አለ፤ በአየር ላይ ተከፍቶ ብዙ ትንንሽ ቦምብ የሚበትነው። የተመድ የእርዳታ ኃላፊ የነበሩት ያን ኤግላንድ 90 በመቶው የተተኮሰው በመጨረሻዎቹ 72 ሰዓታት እንደሆነ ተናግረዋል። ሳይፈነዳ የቀረው በብዙ መቶ ሺህ ይቆጠራል። አንዱ ዓይነት የባትሪ ድንጋይ ያህላል፤ ጫፉ ላይ ነጭ ሪባን አለው። የወይራ ቅርንጫፍ ላይ በሪባኑ ተንጠልጥሎ ይገኝ ነበር። ወይራ ሊለቅም የወጣ ገበሬ፣ ሪባኑን ያየ ልጅ እጁን ይዘረጋል። ጦርነቱ ካበቃ ከወራትም ከዓመታትም በኋላ ሰው ሲሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ደብሊን ላይ ክላስተር ቦምብን የሚከለክለው ስምምነት እንዲጸድቅ ከገፉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

20ኛው አጭር ነው። ኦገስት 10 ሦስት ስመ ጥር የእስራኤል ደራስያን ጋዜጠኞችን ጠርተው መንግሥታቸው ተኩስ አቁሙን እንዲቀበል ጠየቁ። በሁለተኛው ቀን የአንዱ ልጅ ደቡብ ሊባኖስ ውስጥ ታንኩ ተመትቶ ሞተ። ጋሼ ከ8ኛው ቁጥር ተመልሰው ነፍስ ይማር ብለው ጻፉ። 3ኛውም እንዲሁ። ለጥቂት ሰዓት ማንም ሌላ ነገር አልጻፈም።

ከዚያ 23ኛው ያችን ቤይሩት የነበረችውን እኅታችንን ጠየቃት። ኦገስት 14 መሆኑን በምን አወቅሽ?

በማግሥቱ መለሰች። ጠዋት በረንዳ ላይ ወጣች። ሽማግሌው ቦታቸው ላይ የሉም። ደነገጠች፤ የሞቱ መሰላት። ከዚያ የመኪና ጥሩምባ ሰማች። መንገዱ ሞልቷል። ፍራሽ በጣሪያው ላይ የጫነ መኪና ተከታትሎ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ሽማግሌው መሐል መንገድ ላይ ቆመው በሁለት እጃቸው መኪና ያሳልፋሉ። ጮኸች፤ በጥሩምባው አልሰሟትም። ቅርጫቱን አውርዳ ጠበቀች። ወደ ረፋዱ መጥተው ዳቦ አደረጉላት። ቀና ብለው አዩአት፤ በዚህ ጊዜ ራሳቸውን ወደ ጎን አልነቀነቁም።

ማዳሟ የተመለሱት በአራተኛው ቀን ነው። በሩ ያኔ ተከፈተ።